ሽማግሌ ያመላለሰው መካኒክ

ሰናይት ደውላ «እትዬ አልማዝ፣ አባዬ አረፈ» ስትለኝ መጀመሪያ ከአፌ የወጣው «ከማን ጋር ሲጨቃጨቅ?» የሚል ነበር። ነውር መሆኑን ያወቅኩት ከተናገርኩ በኋላ ነው። ልጅቷ ግን አልተቀየመችም። «ከነርሷ ጋር» አለችኝ። «‹አያያዝሽ ፍሬን እንደሌለው ሚኒባስ ነው› አላት። እሷ ስቃ ሳትጨርስ ሄደ።»

የደወለችው ለቀብሩ የሚነበበውን የሕይወት ታሪክ እንድጽፍ ነበር። ካዛንቺስ ሳለን የሰፈሩን ማመልከቻ ሁሉ የምጽፈው እኔ ነበርኩ። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ በመሥሪያ ቤት ጸሐፊነት ጡረታ ስለወጣሁ፣ ወረቀት የቸገረው ሁሉ የእኔን በር ያንኳኳል። ሰፈሩ ፈርሶ ሰዉ ከተበተነ፣ እኔም ሰንጋ ተራ የእህቴ ልጅ ዘንድ ከገባሁ በኋላ እንኳ ልማዱ አልቀረም።

እስክሪብቶ ይዤ ተቀመጥኩ። የሕይወት ታሪክ አጻጻፉ ይታወቃል። ከአባታቸው ከአቶ እገሌ፣ ከእናታቸው ከወይዘሮ እገሊት ተወለዱ፤ ደግ፣ ትሑት፣ ሰው አክባሪ ነበሩ። «ሰው አክባሪ» የሚለው ላይ ስደርስ እጄ ቆመ። ይህ ከተነበበ ለቀስተኛው አስከሬኑ ፊት ይስቃል። ሰረዝኩና «ቤተሰቡን አክባሪ» አልኩ። እሱ እንኳ እውነት ነው። «ትሑት» የሚለውንም ሰረዝኩ። ለቤተ ክርስቲያኑ አንድ ገጽ ሞልቶልኛል፤ እዚያ ሊገባ ያልቻለው እዚህ ይግባ።

የሰናይት አባት ለማ አጭር፣ ደረተ ሰፊ፣ አንገት የሌለው የሚመስል ሰው ነበር። ቤቱ ካዛንቺስ ከእኔ ቤት ጋር በአንድ ግድግዳ የተያያዘ ነበር። ጋራዡ ደግሞ ቡልጋሪያ ሰፈር፣ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ ነው። ጋራዥ የምለው ለአክብሮት ነው እንጂ የቆርቆሮ አጥር፣ አንድ ጉድጓድና ከሞተ ታክሲ የተነቀለ መቀመጫ ነበር። ሰላም ሲል መዳፉን አይሰጥም። ዘይቱ ስለማይለቀው የእጁን አንጓ ይዘረጋል። በፋሲካ ታጥቦ፣ ነጭ ለብሶ እንኳ አንጓውን ነው የሚዘረጋው። ሃያ ስድስት ዓመት ተጎራብተን መዳፉን ጨብጬ አላውቅም።

ሰውን ሁሉ በመኪና ይመዝናል። የእድራችንን ሊቀመንበር «ሞተር የለውም፤ ክላክስ ብቻ ነው» ይል ነበር። ባለቤቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ዝግ ያለ ሰው ስለነበር «ጠዋት ካልተገፋ አይነሳም» ይለዋል፤ ያውም ፊት ለፊቱ። ስለ እኔ ለዘነበች፣ ለሚስቱ፣ የነገራትን ደግሞ እሷው ነገረችኝ። «እትዬ አልማዝ ድምፅ የላትም። እንዲህ ዓይነት መኪና አልወድም፤ ሲበላሽ አያስታውቅም።» አልተቀየምኩም። እናቴም እንደዚያው ትለኝ ነበር።

ስሙን ያስጠራው ስድቡ ሳይሆን ጆሮው ነው። የታመመ መኪና ሲመጣ ረጅም ካቻቪቴውን ያነሳና ጫፉን የሚሠራው ሞተር ላይ፣ እጀታውን ጆሮው ላይ ያደርጋል። ዓይኑን ይጨፍናል። ያን ጊዜ ጋራዡ ውስጥ ማንም አይናገርም፤ ጎረቤት ያለው ብረት ቀጥቃጭ ሳይቀር መዶሻውን ያስቀምጣል። አንድ ቀን ከረባት ያሰረ ደንበኛ ይህን ሥርዓት አላወቀም ነበር። መኪናውን ከማን እንደገዛ፣ ስንት አገር እንደዞረባት ያወራል።

ለማ ዓይኑን ሳይገልጥ «ጌታዬ፣ የታመመው ማን ነው?» አለው።

«መኪናዋ ነቻ።»

«እንግዲያው እሷ ትናገር።»

ከዚያ በኋላ «ሁለተኛዋ ቫልቭ ናት» ይላል። ሲፈታ ሁለተኛዋ ቫልቭ ትሆናለች። ተሳስቶ አያውቅም፤ ስለዚህም ሰው ስድቡን እየዋጠ ተመልሶ ይመጣል።

ለማን የማትፈራው ዘነበች ብቻ ናት። ቱታውን በር ላይ ሳያወልቅ ቤት አታስገባውም። ስለዚህ ይህ ከተማውን ሙሉ የሚሳደብ ሰው፣ አመሻሹ ላይ በረጅም የውስጥ ሱሪው ደጃፉ ላይ ቆሞ፣ ለመንገደኛው ሁሉ እየታየ እጁን በሰጋቱራና በኦሞ ያሻል። አሽቶ ሳይጨርስ ልጆቹን አይነካም። የውስጥ ሱሪውን ቀለም የሰፈሩ ሴቶች ሁሉ እናውቀዋለን። እኔ ባላውቀው እመርጥ ነበር።

ሦስት ሴቶች ልጆች ነበሩት። ሁለቱ ተድረው ሲወጡ የቀረችው ሰናይት ናት። ይህች ልጅ ትንሽ ሳለች ግቢ ውስጥ ቁጭ ብላ፣ በመንገዱ የሚያልፈውን መኪና ሳታይ ስሙን ትጠራ ነበር። «ላዳ። ቶዮታ። የጋሽ ከበደ ፊያት፤ ደግሞ ታሟል።» ለማ ደስ ይለዋል፣ ግን ይቆጣታል። «የኔ ልጅ ወንበር ላይ ተቀምጣ ነው የምትሠራ፤ መኪና ሥር ተጋድማ አይደለም» እያለ አካውንቲንግ አስተማራት። ጋራዡ ደጃፍ ድርሽ እንዳትል ከልክሏት ነበር።

አሁን ወደ ጆሮው ልመለስ። ከባለቤቴ የቀረችኝ አንዲት ቮልስ አለች። አንድ ሰሞን መጮህ ጀመረች። ጩኸት ስል ቀላል አይምሰላችሁ፤ በሄድኩበት ሁሉ ውሻ ያጅበኛል። ቡልጋሪያ ወስጄ ለለማ ሰጠሁት። እንደ ልማዱ ካቻቪቴውን አሳረፈ፣ ዓይኑን ጨፈነ፣ ብዙ ቆየ። ብረት ቀጥቃጩ በአጥሩ ወዲያ በሁለት እጁ ጆሮውን ይዟል።

«ደህና ናት» አለ ለማ። «ትንሽ አርጅታለች እንጂ፤ እንደ ባለቤቷ።»

ፊቱን አየሁት። እየቀለደ አልነበረም። አልሰማትም። አመሰግናለሁ ብዬ መኪናዬን እያስጮህኩ ወደ ቤቴ ሄድኩ። ያን ቀን መናገር ነበረብኝ። የሰው ገመና መንካት ስለማልወድ ነው ብዬ ራሴን አሳመንኩ።

በሳምንቱ ሰናይት በሬን አንኳኳች። «እትዬ፣ የቮልሷን ቁልፍ ስጪኝ።» ሰጠኋት። በግማሽ ሰዓት ውስጥ ያረጀውን ቺንጊያ፣ ያቺን የምትሽከረከር የላስቲክ ቀበቶ፣ ፈትታ አዲስ ገጠመች። መኪናዋ ዝም አለች። «አባዬ ረስቶት ነው» አለችኝ እጇን እየጠረገች። እሷም እኔም ረስቶት እንዳልሆነ እናውቃለን። እሷም እኔም በቃል አላወጣነውም።

ከዚያ ወዲህ ሰናይት በየቀኑ ምሳ ዕቃ ይዛ ጋራዥ መሄድ ጀመረች። ሥራ እስክታገኝ አባቷን ታጫውተዋለች ተባለ። አንድ ቀን ለዘይት ቅያሪ ሄጄ አየኋቸው። ለማ ካቻቪቴውን ጆሮው ላይ ደግኖ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ቆሟል። ልጅቷ ከኋላው ናት፤ እንደደከመው ሰው ትከሻው ላይ ተደግፋለች። በጣቷ ትከሻውን መታ መታ አደረገች፤ አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ።

«ሦስተኛዋ ናት» አለ ለማ።

ባለመኪናው በአድናቆት ራሱን ነቀነቀ። «እንዲህ ዓይነት ጆሮ!» አለኝ ወደ እኔ ዞሮ። እኔም ራሴን ነቀነቅኩ።

በኋላ ከዘነበች እንደሰማሁት ለማ ጠበል ሞክሯል፣ ሐኪም ዘንድም ሄዷል። ሐኪሙ የዕድሜ ልክ የብረት ጩኸት እንደጎዳው ነገረው። ለማ ለሚስቱ ሲተረጉምላት ግን «ዕቃው አልቋል፣ መለዋወጫ አይመጣለትም አለኝ» ነው ያላት። ለማንም እንዳይናገሩ ሚስቱንና ሰናይትን አስምሏቸዋል። በጆሮው ታምኖበት የኖረ መካኒክ ደነቆረ ከተባለ መኪና የሚያመጣለት የለም። እሱና ዘነበች ደግሞ ከጋራዡ ሌላ ምንም የላቸውም።

ነገሩ በዚህ እንዳለ ሰናይትን ለጋብቻ የሚጠይቁ ሽማግሌዎች መጡ።

ልጁ ዳዊት ይባላል። ኮሌጅ አብረው ተምረዋል፤ ሐዋሳ መሥሪያ ቤት ተቀጥሯል። አንገቱን የደፋ ጨዋ ልጅ ነው። የሽማግሌዎቹ መሪ የልጁ አጎት፣ ኦሎምፒያ አካባቢ የሚኖሩ ጡረተኛ ኮሎኔል ናቸው። አንዲት ያረጀች ፔጆ አለቻቸው፤ ከለማ በቀር ለማንም አሳይተዋት አያውቁም። ለማ እሺ ካለ ሰናይት ሐዋሳ ትሄዳለች። እሷ ከሄደች ትከሻውን መታ መታ የሚያደርግ የለም።

በወጉ የልጅቷ አባት ለመጀመሪያ ጊዜ የመጣ ሽማግሌ መልስ አይሰጥም። «ዘመድ ላማክር» ብሎ ቀጠሮ ይሰጣል፤ ይህ ጨዋነት ነው። ለማም ሁለት ሳምንት ቀጠረ። በሁለት ሳምንቱ መጡ። «የልጁን ዘር ላጣራ» ብሎ አንድ ወር ቀጠረ። ሽማግሌዎቹ እየተያዩ ወጡ። ለማ በር ድረስ ሸኝቷቸው «ፔጆዋን በቀስታ ይንዷት ኮሎኔል፤ እሷም እንደርስዎ ጡረተኛ ናት» አላቸው።

ሰፈሩ ወሬ አገኘ። አንዱ «ለማ ዘር ይቆጥራል እንዴ፣ የትኛውን ዘር ይዞ?» ይላል። ሌላው «ልጁ ድሃ ሆኖበት ነው» ይላል። ለፓይለት ሊድራት ነው ያሉም ነበሩ። ዘነበች እኔ ቤት መጥታ ወንበር ላይ ዘፍ አለች።

«እውነቱን ተናገርና ገላግላት ብዬ ለመንኩት» አለችኝ። «መካኒክ ደንቆሮ ነኝ ከሚል ሌባ ነኝ ቢል ይሻለዋል አለኝ። ይሄ ነው ባሌ።»

«ሰናይትስ ምን ትላለች?»

«ምን ትላለች? አባዬ ከነገራቸው በኋላ እንነጋገራለን ብላ ቱታ ታጥባለች።»

በማግሥቱ፣ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ባልተጠራሁበት ሰው ቤት ጉዳይ ልገባ ቡልጋሪያ ሄድኩ። ለማ የታክሲ መቀመጫው ላይ ተቀምጧል። እዚያ ስደርስ አንድ ነገር ገባኝ። ለደንቆሮ ሰው ምስጢር መናገር አይቻልም፤ እሱ እንዲሰማ ሰፈሩ ሁሉ መስማት አለበት። ስለዚህ ከቦርሳዬ ያረጀ ፖስታ አውጥቼ ጀርባው ላይ ጻፍኩ። «ለማ፣ እንደማትሰማ አውቃለሁ። ካወቅኩ ሁለት ዓመት ሆነኝ። ልጅቷን አትያዛት። ለሽማግሌዎቹ እውነቱን ንገራቸው።»

ክንዱን ዘርግቶ አርቆ አነበበው። ከዚያ ድምፁን መመጠን ከተወ ቆይቶ ነበርና፣ አጥሩ ወዲያ እስኪሰማ «ሁለት ዓመት አውቀሽ ዝም አልሽ?» አለኝ። ብረት ቀጥቃጩ ቀና አለ።

አንገቴን ነቀነቅኩ።

«ቮልሷ ስትጮህ፣ ደህና ናት ስልሽ፣ አመስግነሽኝ ሄድሽ?»

አሁንም ነቀነቅኩ።

«ተመልከቺ እንግዲህ» አለ። «እኔ ደንቆሮ፣ አንቺ ዲዳ። ጥሩ ጎረቤት ነበርን።»

ፖስታውን አጥፎ የቱታው ኪስ ውስጥ ከተተ። ጉድጓዱን አየ። «ጋራዡ ከተዘጋ እኔ ምንድን ነኝ?» አለ፤ አሁን ቀስ ብሎ ለመናገር እየሞከረ። «ቱታ የለበሰ ሽማግሌ። ዘነበች በር ላይ ምን ታስወልቀኝ?»

ልመልስለት ቦርሳዬን ፈተሽኩ፤ ወረቀት አልቆብኝ ነበር።

ወሩ አለቀ። እሑድ ነው። ዘነበች «ዘመድ ቦታ ተቀመጪልኝ፤ አንቺ ካለሽ ሰው ፊት ይፈራ ይሆናል» ብላ ለማ አጠገብ አስቀመጠችኝ። ሽማግሌዎቹ በዚህኛው ጊዜ አንድ ቄስ ጨምረው መጡ። ተቀመጡ ሲባሉ «ጉዳያችን ሳይፈጸም አንቀመጥም» ብለው በረድፍ ቆሙ። ኮሎኔሉ ጋቢያቸውን አስተካክለው ጀመሩ።

«አቶ ለማ፣ ሦስተኛ መምጣታችን ነው። ልጅዎን ለልጃችን ሰጥተው፣ ልጃችንን ልጅዎ እንዲያደርጉልን ነው።»

የሽማግሌ ንግግር ምንጊዜም አንድ ዓይነት በመሆኑ የለማ አለመስማት አላስታወቀም። አፋቸው እስኪዘጋ ጠብቆ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ኮሎኔል፣ ባለፈው ዓመት ፔጆዎን ማን ሠራት?»

«እርስዎ ነዎታ።»

«እኔ አይደለሁም። እኔ ካቻቪቴውን ይዤ ዓይኔን ጨፍኜ ነበር። የሰማቻት ልጄ ናት። የፈታቻትም የገጠመቻትም ልጄ ናት። የኔ ጆሮ ከተዘጋ ሁለት ዓመት አልፎታል፤ መድፍ ብትተኩሱ አልሰማም። የምትጠይቁኝ ልጄን ብቻ አይደለም። ያመላለስኳችሁ ለዚህ ነው። ስለ ዘር ያልኩት ውሸት ነው፤ የልጁ ዘር የፈለገውን ይሁን፣ የኔም ዘር ይሄን ያህል አይደለም። አሁን ውሰዷት። መርቄያታለሁ።»

ዘነበች ከጓዳው በር ላይ በነጠላዋ አፏን ይዛለች። እኔ ምንጣፉን አያለሁ።

መጀመሪያ የተናገሩት ኮሎኔሉ ናቸው። ድምፃቸው ተቀይሯል። «ፍሪሲዮኑንም እሷ ናት የቀየረችው?» ብለው ጠየቁኝ።

«እሷ ናት።»

ቄሱ ወደፊት ጠጋ አሉ። «የእኔንስ ቶዮታ?»

«እሷ ናት አባ።»

ኮሎኔሉና ቄሱ ተያዩ። ኮሎኔሉ ሳይፈቀድላቸው ወንበር ስበው ተቀመጡ። «ሐዋሳ ሩቅ ነው» አሉ፤ ለማን እንደሚናገሩ አይታወቅም። ከዚያ ቀና ብለው «ይህ ነገር ምክር ይፈልጋል። እኛም ቀጠሮ ብንወስድ ደስ ይለናል» አሉ።

በዕድሜዬ ብዙ ሽማግሌ አይቻለሁ። ጠያቂው ወገን ቀጠሮ ሲለምን ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ዘነበች ነጠላዋን ከአፏ ላይ አነሳች።

«ምን ማለት ነው ኮሎኔል? የመጣችሁት ልጄን ልትጠይቁ ነው ወይስ መኪና ልታሠሩ?»

«እመቤቴ፣ አንዱ ከሌላው ሊለይ ስላልቻለ ነው።»

ይህን ጊዜ ሰናይት ገባች። ሽማግሌ እየተነጋገረ ልጅቷ አትገባም፤ ወጉ አይደለም። የቤት ቀሚሷን እንደለበሰች ሽማግሌዎቹን አልፋ አባቷ ፊት ቆመች፤ የምትናገረው ለሁሉም ቢሆንም የምታየው እሱን ብቻ ነበር። ቃሉን ቀስ እያለች ተናገረች።

«ይቅርታ አድርጉልኝ። ሐዋሳ አልሄድም። ጋራዡን እኔ ነኝ የምይዘው፤ ተደብቄ ሳይሆን በስሜ። ይህን አባዬ ራሱ ሳይናገር ልናገር አልችልም ነበርና ጠበቅኩት። ዳዊት አዲስ አበባ ዝውውር ጠይቋል፤ ከጠየቀ ወር ሆኖታል።»

ኮሎኔሉ «ወር?» አሉ። «ታዲያ ለምን አልነገረንም?»

«እናንተን ፈርቶ ነው።»

ቄሱ ሳቅ አመለጣቸውና በመስቀላቸው አፋቸውን ሸፈኑ። ለማ ግን አልሳቀም። ወደ እኔ ዞረ።

«እትዬ አልማዝ፣ ምን አለች?»

«አልሄድም አለች» አልኩት በልማዴ ድምፅ።

«አልሰማሁም።»

«አልሄድም አለች፤ ጋራዡን እኔ እይዛለሁ አለች» አልኩ ከፍ አድርጌ።

«ደንቆሮ ነኝ እኮ። አሁን ሰው ሁሉ አውቋል፤ ጩኺ።»

ጮህኩ። እንዲህ ዓይነት ድምፅ እንዳለኝ አላውቅም ነበር። በመንገድ የሚያልፉ ሁለት ሰዎች ቆመው ወደ ግቢው አዩ። ለማ ራሱን ዝቅ አድርጎ ጉልበቱን አየ፣ ከዚያ «እንግዲያው እነዚህን ሰዎች ምን አስቆማችኋቸው? ምሳ ስጧቸው» አለ።

ሳህን ላቀብል ጓዳ ስገባ ዘነበች ክንዴን ያዘችኝ። «አንቺ ደግሞ ምን ነካሽ፣ ጉሮሮሽ እስኪነቃ?»

«አልሰማ አለኝ እኮ።»

«የምን አልሰማ? ከንፈር ያነባል። የእኔን አንዳንዴ ይስተዋል እንጂ የሰናይትን አንድ ቃል አይስትም። ገና ስትናገር ነው ሁሉም የገባው።»

ሳህኖቹን ይዤ ተመለስኩ። ለማ ከኮሎኔሉ ጎን ተቀምጦ፣ ስለ ዳዊት «ሞተሩ ደህና ነው፤ ሲነሳ ብቻ ነው የሚቸገር» እያላቸው ነበር። ሳህኑን ፊቱ ሳስቀምጥ ቀና ብሎ አየኝ። ዓይኑ ቀልቷል።

«እትዬ፣ ምን ነበር ያለችው?» አለኝ።

ኮሎኔሉ እንዲሰሙ፣ ቄሱ እንዲሰሙ፣ ደጅ የቆሙትም እንዲሰሙ አድርጌ እንደገና ጮኼ ነገርኩት።